ለአንድ ማስፋፊያ የተላከ ቀሚስ

ባሌ ሲለምን ያየሁት ለዚያ ጨዋታ ብቻ ነው። እኔን ሲያገባ እንኳን እንዲያ አልለመነም፤ ሽማግሌ ልኮ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ ነው መልሱን የጠበቀው። ለጨዋታው ማስፋፊያ ግን ከሥራ ሲመጣ ጫማውን ሳያወልቅ በር ላይ ቆሞ «አሰብሽበት?» ይለኛል። ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ «እሺ፣ ምን ወሰንሽ?» ይለኛል። የሚያስቀው ደግሞ፣ በሌላ ነገር ሁሉ የቤቱን ውሳኔ እኔ ሳልሰማው ከእናቱ ጋር ጨርሰው ነው የሚመጡት። የዚህን ጊዜ የእኔ ፈቃድ ለምን እንዳስፈለገ ቆይቼ ነው የገባኝ።

ጨዋታው የጥንት ነገሥታት ጦርነት ነው። በኮምፒውተር ላይ ከአንድ ጎጆና ከጥቂት በጎች ተነስተን ግንብ እንገነባለን፣ ፈረሰኛ እናሠለጥናለን፣ የጎረቤት ንጉሥ እናስገብራለን። አንድ ላፕቶፕና አንድ ማውስ ለሁለት ነው ያለን። እሱ ይዘምታል፤ እኔ እህሉን፣ ገበያውንና ግብሩን አስተዳድራለሁ። ጦርነት ላይ ሲሆን ማውሱን አልነካም። ሲጨርስ ይለቅልኛል፣ ያፈረሰውን እጠግናለሁ። ትዳራችንም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

የምንኖረው ከዊንጌት ወረድ ብሎ፣ በአማቴ ግቢ ውስጥ ባሉ ሁለት ክፍሎች ነው። አማቴ ክፉ ሴት ናቸው ብዬ አላማቸውም። ድስቴን ከፍተው ያያሉ፣ መጋረጃዬን ይቀይራሉ፣ እንግዳዬን ይጠይቃሉ፤ ሁሉንም በፈገግታ ነው የሚያደርጉት። እዚያ ግቢ ውስጥ ማንም ሳያርመኝ የማስተዳድረው ነገር ቢኖር ያ የጨዋታ መንደር ብቻ ነበር። ቀን ሽሮ ሜዳ ባለችኝ ትንሽ ሱቅ ነጠላና ጋቢ ስሸጥ ውዬ፣ ማታ ከእራት በፊት ከባሌ ጎን ተቀምጬ ጎተራ መሙላት ያስደስተኝ ነበር። ስለዚህ ጨዋታውን የእሱ ሱስ ብቻ አድርጌ ባወራ ውሸት ይሆናል።

አዲስ የወጣው ማስፋፊያ፣ ባሌ «ዲኤልሲ» የሚለው፣ በነበረው ጨዋታ ላይ የሚጨመር ክፍል ነው። የዚህኛው ልዩነቱ የእኛን አገር የጥንት ነገሥታት ማስገባቱ ነው። ባሌ የማስታወቂያውን ቪዲዮ ስንት ጊዜ እንዳሳየኝ እንጃ። ነጭ የለበሱ ፈረሰኞች ከአምባ ላይ ሲወርዱ፣ ካህናት ሲያዜሙ፣ ነጋሪት ሲመታ። «እስከ ዛሬ የሰው አገር ንጉሥ ሆነን ኖርን፤ አሁን እኮ እኛው ነን!» ይላል። ዓይኑ እንባ ያቀራል። ለሠርጋችንም እንዲያ አላቀረረም።

ችግሩ ዋጋው አልነበረም። የሚሸጠው በኢንተርኔት ነው፤ የእኛ የባንክ ካርድ ደግሞ እዚያ አይሠራም። ውጭ የሚኖር ሰው በራሱ ካርድ መግዛት አለበት። ባሌ ውጭ ያለችውን የአክስቱን ልጅ ጠየቃት። ላፕቶፑንም፣ የመጀመሪያውን ጨዋታም ያመጣችልን እሷ ናት። «ብራችሁን አልፈልግም» አለች። «የሠርግ ጥሪ አለብኝ። አንድ ጥሩ የሐበሻ ቀሚስ ሰው ሲመጣ ላኩልኝ፣ ጨዋታውን ከፈለጋችሁ ዛሬ እገዛላችኋለሁ።»

ባሌ ስልኩን ዘግቶ ትንሽ እንኳን አላሰበም። «ያ ሳጥን ውስጥ ያለው አለ አይደል? አንቺ እንደሆነ አትለብሺውም» አለ።

ሳጥን ውስጥ ያለው ቀሚስ የአባቴ ሥራ ነው። አባቴ ሸማኔ ነው፤ በልጅነቱ ከጋሞ ደጋ መጥቶ፣ ሽሮ ሜዳ ላይ ሸምኖ ነው ያሳደገኝ። ያንን ቀሚስ ለመልሴ ቀን ብሎ ሠራው። ዓይኑ ያኔም ደክሞ ስለነበር ጥለቱን የሚሠራው ጠዋት፣ ብርሃኑ በበሩ ሲገባ ብቻ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ተራ ጋቢ ይሸምናል። የጥለቱን ክር ቀለም ስንት ጊዜ እንደፈታና እንደመለሰ እኔ ነኝ የማውቀው። ሲጨርስ አሰፍቶ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ኮቱን ለብሶ ይዞት መጣ። አማቴ ተቀብለው ጫፉን በሁለት ጣታቸው ዳሰስ አደረጉና «ቆንጆ ነው፤ ለሌላ ቀን ይሁናት» አሉ። ለመልሱ እሳቸው ከቡቲክ የገዙት፣ በማሽን የተጠለፈ፣ ብልጭልጭ የሚል ቀሚስ ተዘጋጅቶ ነበር። እሱን ለበስኩ።

ምክንያቱን ማንም አልነገረኝም፤ መናገርም አላስፈለገም። በመልስ ቀን ሴቶቹ ቀሚሱን እየነካኩ «ማን ሠራው?» ማለታቸው አይቀርም። አማቴ አባቴን ከዘመዶቻቸው ጋር ሲያስተዋውቁት «በጨርቅ ንግድ ላይ ናቸው» ነው ያሉት። አባቴም ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። ድሮ ሸማኔን «ቁጢት በጣሽ» እያሉ ይሰድቡት ነበር። ዛሬ ስድቡ ቀርቷል፤ ቀርቷል ስል ከአፍ አይወጣም ማለቴ ነው። ስድብ ቢሆን እመልስ ነበር፣ ምላስ አልነሳኝም። «በጨርቅ ንግድ ላይ ናቸው» ለሚል ጨዋ ሰው ግን ምን ተብሎ ይመለሳል? ደግሞ እኮ እነዚሁ ሰዎች እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት ተከናንበው ነው። ነጠላው ከሰማይ ተቆርጦ የወረደ ነው የሚመስላቸው።

ስለዚህ ባሌ ያን ቀሚስ እንስጥ ሲለኝ መጀመሪያ ደሜ ፈላ። ከሱቄ ሌላ ቀሚስ ላውጣ አልኩት። «ለእሷማ እንዲህ ያለ ተራ ነገር አይላክም» አለ። ያ ሲያልፍ ግን ማሰብ ጀመርኩ። ቀሚሱ ሳጥን ውስጥ የናፍታሊን ሽታ እየጠጣ ነው። አንዴ ለሌላ ቀን የተባለ ነገር ቀኑ አይመጣም፤ በየበዓሉ አውጥቼው፣ አይቼው፣ አማቴ በመስኮት ሲያልፉ አይቼ መልሼዋለሁ። ታዲያ ለምን አንድ ሰው አይለብሰውም?

እውነቱን ልናገር፤ ከዚያም በላይ የፈለግኩት ነገር ነበር። የባሌ ዘመድ፣ የእነዚያው ሰዎች ሥጋ፣ በሰው ፊት የአባቴን ሥራ ለብሳ ትቆማለች። «ማን ሠራው?» ይሏታል። «የአክስቴ ልጅ አማት» ትላለች። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የፈለግኩት። ወሬው ዞሮ አማቴ ጋ ይደርሳል፣ አማቴም ለጎረቤት ይናገራሉ፣ ሳይወዱ ይኮሩበታል ብዬ ሁሉ አስቤያለሁ። ሰው ሲመኝ ቂል ይሆናል።

«አንድ ነገር ብቻ» አልኩት ባሌን። «አባቴ እንደሠራው ትነግራታለህ። ከገበያ የተገዛ ነው እንዳትላት።»

«እንዴ! ይሄ ደግሞ ምን ጥያቄ አለው?» አለና ግንባሬን ሳመኝ።

አባቴን ሳልጠይቅ ግን አልሰጥም ብዬ በማግሥቱ ወደ ሥራ ቦታው ሄድኩ። ከሱቄ ኋላ ባለው ዳገት ላይ፣ ሸማኔዎች ተራ በተራ የተቀመጡበት ረጅም ቤት አለ። አባቴ እግሮቹን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብቶ፣ ማጉን እየወረወረ ነበር። ነገሩን ነገርኩት፤ ጨዋታውን ትቼ ቀሚሱን ብቻ። እጁ ቆመ።

«እስካሁን አልለበስሽውም?» አለኝ።

«አልተመቸኝም አባባ።»

«ለፋሲካም?»

መሬት የወደቀ ክር አነሳሁለት። እሱም አልደገመኝም። ክሩን በጣቱ ወጠር፣ ላላ ሲያደርግ ቆየና «ይሂድ፤ እንዲለበስ ነው የሠራሁት» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ለብሳው ፎቶ ትላክልኝ። ማን እንደሠራው ታውቃለች አይደል?»

«ታውቃለች» አልኩት። ባሌ ቃል ገብቶልኛላ።

ቀሚሱ በሚሄድ ሰው ሻንጣ ተላከ። ጨዋታው ደግሞ ሰውየው ሳይሳፈር ነው የገባልን። ባሌ ለዚያ ምሽት ብሎ ፓስታ ራሱ ሠራ፤ ማውሱንም ቀድሜ እንድይዝ ፈቀደልኝ። ካርታው ሲከፈት እውነትም ያምራል። ሰሜኑ በሙሉ አለ፤ አምባው፣ ገዳሙ፣ ሐይቁ፣ እያንዳንዱ ስም በስሙ። ባሌ ጣቱን ስክሪኑ ላይ እየተከለ «ይሄ የእናቴ አገር ነው፣ ይሄ የአያቴ ርስት ነው» ይላል። እኔ ካርታውን ወደ ደቡብ ጎተትኩት። የአባቴ አገር ያለበት ቦታ ግራጫ ነው። ስም የለውም፣ መንገድ የለውም። ማውሱን ሳሳርፍበት ማለፍ አይቻልም የሚል ምልክት ይወጣል።

«ይሄ ምንድነው?» አልኩት።

«ጫካ ነዋ። የሠሩት ፈረንጆች የት ያውቁታል?»

«የአንተንስ የት አወቁት?»

«እሱማ እኮ የተጻፈ ታሪክ ነው» አለና ማውሱን ቀስ አድርጎ ከእጄ ወሰደ። ትንሽ ሲቆይ ነገሩን ረስቶ ማውሱን መለሰልኝ። «ሸማኔ ቤት ጨምሪ፣ ግብሩ ቶሎ ይገባል» አለኝ። በጨዋታ ውስጥ ሸማኔ ይወዳል። ጨመርኩለት።

ከዚያ በኋላ አባቴ ሱቄ ብቅ እያለ ስለ ፎቶው ይጠይቀኝ ጀመር። ደጋግሞ እንዳይመስልበት ሌላ ሰበብ ይፈልጋል፤ መቀስ ልዋስ ብሎ ይመጣል፣ ሳይወስደው ይመለሳል። «ሠርጉ ገና ነው አባባ» እለዋለሁ። እንዲህ ስለ አንድ ነገር ሲጓጓ አይቼው አላውቅም። ሥራው ተሽጦ ከሄደ በኋላ የት እንደደረሰ የማይጠይቅ ሰው ነው፤ ይሄኛው ግን ዘመድ ዘንድ ነው የሄደው።

ፎቶው አንድ እሑድ ከሰዓት በባሌ ስልክ ደረሰ። እኔ ልብስ እያጣጠፍኩ ነበር፣ ባሌ ላፕቶፑ ላይ። ከፎቶው ጋር የድምፅ መልእክት ነበር፤ ሳያስብ ጮክ አድርጎ ከፈተው። የአክስቱ ልጅ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ሳቂታ ሰው ናት።

«ኧረ እንዴት እንዳማረብኝ ብታይ! ሰው ሁሉ ከየት ነው ሲለኝ ነው ያመሸው። እኔም የአክስቴ ልጅ ሽሮ ሜዳ ገዝቶ ነው የላከልኝ አልኩ። ስማ፣ ከዚያው ከገዛችሁበት አንድ ሌላ ትገዛልኛለህ? ለሚስትህ ንገራት፣ ሱቅ አላት ብለኸኝ የለ፣ ጠንከር ብላ ትከራከር። እነዚያ ሸማኔዎች ውጭ አገር የሚሄድ ነው ካሏቸውማ ዋጋ ይቆልላሉ፣ ሙልጭ አድርገው ነው የሚያታልሉት!»

መልእክቱ አለቀ። ባሌ ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ አሁን ቢገለብጠው ምን ዋጋ አለው?

«ምን ብለሃት ነው?» አልኩት።

«እ... ማለቴ፣ ረስቼው ነው።»

«ረስተኸው ነው ወይስ ገዛሁት ብለሃታል?»

«ተይ እንግዲህ። ምን ያደርግላታል ማወቁ? ለአክስቴ ትነግራታለች፣ አክስቴ ደግሞ አፏ አያርፍም፣ ሰፈሩን ሁሉ...»

«ሰፈሩ አያውቅም?»

«ያውቃል» አለኝ። «ያውቃል፤ ግን አይወራም። በቃ።»

ይህን ሲል አልተቆጣም፣ አላፈረም። የታወቀ ነገር ለምን ትጠይቂኛለሽ እንደማለት ነው ያየኝ። እኔ ሞኟ እናቱ ናቸው የሚያፍሩት ብዬ ኖሬያለሁ። እሳቸው እንኳን በሁለት ጣታቸው ቢሆን ነክተውታል። እሱ ግን በእኔው ፈቃድ፣ በእኔው እጅ አጣጥፌ የሰጠሁትን ቀሚስ፣ ከውስጡ አባቴን አውጥቶ ነው የላከው። ፈቃዴን ለምን እንደለመነኝም ያን ጊዜ ገባኝ፤ ቀሚሱ የእኔ ስለሆነ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረውም።

«አሁን ንገራት» አልኩት።

«እሺ፣ እነግራታለሁ። ዛሬ እንግዳ ላይ ናት፣ ነገ።» ከዚያ ነገሩን የሚያሽር መስሎት ወንበሩን ወደ እኔ ሳብ አደረገ። «እንዲያውም አልነገርኩሽም፤ ሌላ ዲኤልሲ ሊወጣ ነው። መርከብ ያለበት። እሷ ሌላ ቀሚስ ከፈለገች ጥሩ ነው፣ መንገዱን አውቀነዋል።»

እኔ፣ ገበያ ውስጥ በምላሴ የምታወቀው ሴት፣ ያጣጠፍኩትን ልብስ መልሼ ፈታሁና እንደገና ማጣጠፍ ጀመርኩ። እሱ ዝምታዬን እሺታ አድርጎ ወደ ዘመቻው ተመለሰ። ፎቶውን ከስልኩ ወደ ስልኬ ላክሁት። ድምፁን አልላክሁም።

ሰኞ ጠዋት ሱቄን ሳልከፍት ወደ ዳገቱ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ የምለውን አዘጋጅቼ ነበር። አባባ፣ አልነገራትም፤ ከገበያ ነው ብሏታል፤ ቀሚስህን ለጨዋታ ሰጥቼብሃለሁ። ይህንኑ ነበር የምለው። ከዚያ ቢቆጣኝ ይቆጣኝ፣ ቢፈልግ ወደ ባሌ ሄዶ ይጠይቀው፤ እንዲያውም እንዲጠይቀው ነበር የፈለግኩት።

አባቴ ስልኩን ከመቀበሉ በፊት እጁን በሱሪው ጠረገ። መነጽሩን አደረገ። ሴትዮዋን አላያትም፤ በቀጥታ ጥለቱን ነው ያየው። በጣቱ አጉልቶ እስከ ቀሚሱ ጫፍ ወረደ፣ ተመልሶ ወጣ። «አልተጣመመም» አለ ለራሱ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ «እስቲ ኑ፣ እዩ» አለ።

በየጉድጓዳቸው የነበሩት ሰዎች እየተነሱ መጡ። ስልኬ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። በአገራቸው ቋንቋ ይቀላለዳሉ፤ አንዱ የአባቴን ትከሻ መታ መታ ያደርጋል፤ አንዱ ራዲዮውን ቀነሰው። አባቴ ጎልማሳ ሙሽራ መስሎ መሐላቸው ቆሟል። በመልሴ ቀን እንዲህ ቢቆም ኖሮ ብዬ አሰብኩ፤ እዚያ ጥግ ነበር የተቀመጠው።

«ምን አለች?» አለኝ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

ያዘጋጀሁት ሁሉ አፌ ላይ ነበር። እነዚያን ሁሉ ሰዎች አየኋቸው፤ ማታለል የሚችሉ፣ ዋጋ የሚቆልሉ የተባሉት እነሱ ናቸው።

«እጃቸው ይባረክ በይልኝ ብላለች» አልኩ።

አንዱ እልል አለ፤ ወንድ ሆኖ። ሌሎቹ ሳቁ። አባቴ አልሳቀም። መነጽሩን አውልቆ፣ ጠርጎ፣ መልሶ አደረገውና ወደ ጉድጓዱ ወረደ። የጀመረውን ጋቢ ወደ ጎን እየሰበሰበ «ሌላ ልሥራላት» አለኝ።

«ዓይንህስ?»

«ጠዋት ጠዋት እሠራዋለሁ። ገንዘብ ምናምን እንዳትሉ፤ ለዘመድ አይሸጥም።»

ባሌ አልጠየቀውም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ራሱ ነው ያለው። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስቆመው፤ ያን ቃል ይዤ ነበር የመጣሁት። ባልደረቦቹ ወደየቦታቸው ተመለሱ፣ ራዲዮውም ከፍ አለ።

«ትንሽ አጥሯታል መሰለኝ» አለ አባቴ፣ ክር እየመረጠ። «ቁመቷን ጠይቂልኝ።»

«እሺ አባባ» አልኩት።